በማንኪራ ቤት የሚገጣጠም ኮምፒውተር፦ የሦስት ድምፆች ምልልስ

ገጣጣሚ፦ በካፋ ዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ማንኪራ ስሟ የሚነሣው የዐረቢካ ቡና መገኛ በመባሏ ነው፤ ይሁንና የአካባቢው የጫካ ቡና ዛሬ ወደ ውጭ ገበያ የሚሄደው ጣዕሙንና ታሪኩን ብቻ ይዞ አይደለም፣ መረጃም ይጠየቅበታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከላከል ሕግ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ከተመነጠረ መሬት እንዳልመጣ በማሳው መገኛ እንዲረጋገጥ ያዛል፤ ከ4 ሔክታር ላነሰ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ ሲበቃ፣ ከዚያ ለሚሰፋው ግን ዙሪያው በሙሉ መመዝገብ አለበት። ይህን ምዝገባ፣ የልጆችን ጥናትና የቤተሰቡን ሒሳብ አንድ ላይ የሚሸከም ኮምፒውተር በካፋ ቤቶች መግባቱ የማይቀር ከሆነ፣ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተመርጠው እቤት ቢገጣጠሙና በነጻ ሥርዓተ ክወና ቢሠራ ይሻላል፤ ሥርዓተ ክወና ማለት በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ በማሽኑ አካላትና በሌሎች ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ሁሉንም የሚያዝዘው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው።

ሞጋች፦ ኮምፒውተር ማስፈለጉ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው መገጣጠሙ ነው። ክፍሎቹ በሙሉ ተሟልተው የሚገኙት አዲስ አበባ፣ መርካቶና ቦሌ ነው፤ ከዚያ በጅማ በኩል እስከ ቦንጋ ያለው መንገድ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁሉም በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ገዢ ሁሉ በኪሱ ያውቀዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ግን ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ባትሪውን ይዞ በአንድ ዋጋ ይመጣል፤ መብራት ሲሄድም ሥራው አይቋረጥም። ባትሪ የሌለውን ማሽን መብራት በሚመላለስበት አካባቢ መምረጥ የችግሩን መነሻ መርሳት ነው።

ገጣጣሚ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚመጣው ከደከመ ባትሪ ጋር ነው፤ ሲሞትም ምትኩ የዚያው ሞዴል ካልሆነ አይገጥምም። ፕሮሰሰሩ በቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ የማስታወሻ ቋቱ፣ ማለትም ራሙ፣ ጭምር ይበየዳል። አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይወድቃል። በተገጣጠመው ማሽን ግን የተቃጠለው ክፍል ብቻ ተነቅሎ በአውቶቡስ የተላከው ምትክ ይገባበታል።

ሞጋች፦ ይህ የሚያስኬደው ኮረንቲ ሲዛባ ላፕቶፑ ራሱ የሚቃጠል ከሆነ ነው። በተግባር ግን ቀድሞ የሚሞተው ቻርጀሩ ነው፤ ቻርጀር ደግሞ ከየትኛውም የኮምፒውተር ክፍል ይበልጥ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑም ቢሆን ለኮረንቲ የሚሠዋ፣ በተናጠል የሚተካ ክፍል አለው።

ገጣጣሚ፦ ትክክል ነው፤ የምርጫው ሥርዓትም ከዚህ መነሣት ይኖርበታል። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ በፕሮሰሰሩ ስም ይጀምሩና ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም 220 ቮልቱን ተቀብሎ ለቦርዱ የሚስማማ ዝቅተኛ ቮልት የሚያደርገውን ሳጥን፣ ከኬዙ ጋር በነጻ እንደሚመጣ ዕቃ ይቆጥሩታል። በካፋ ግን ቀድሞ መመረጥ ያለበት ይኸው ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተብሎ ቢጻፍም መነበብ ያለበት በጎኑ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው፤ የ12 ቮልቱ መስመር 14 አምፔር ብቻ የሚል ከሆነ፣ 12 በ14 ሲባዛ 168 ዋት ይሆናል፤ የዛሬ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ በዋናነት የሚመገቡትም ከዚሁ መስመር ስለሆነ፣ የቀረው ቁጥር ለገዢው ብዙም አይጠቅምም። ሁለተኛው ነገር የሚቀበለው የቮልት ስፋት ነው። አንዳንድ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው፤ ይህ ማብሪያ በስሕተት 115 ላይ ቀርቶ ሶኬት ውስጥ የተሰካ ማሽን በአንድ ድምፅ ያበቃለታል። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባለው የተሻለ ሥሪት ካላቸው መካከል ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ የያዙት ግን ያለ ማብሪያ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ አምፖል ደብዝዞ ቀይ እስኪሆን ድረስ ኮረንቲው ቢወርድም ማሽኑን ይዘው ይቆያሉ። ለዚህ አንድ ክፍል የሚጨመር ገንዘብ ለፕሮሰሰር ከሚጨመረው ይበልጥ ዕድሜ ይገዛል።

ሞጋች፦ የኮረንቲ መውረድን ይችላል እንበል፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለውን ድንገተኛ ጭማሪ ግን አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱንማ ጨርሶ አይችልም። ለዚያ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኮረንቲ የሚሰጥ ሳጥን፣ ይገዛል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የተመረጠው ክፍል ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ርካሽ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ የሚያወጣው ኮረንቲ ከግድግዳው እንደሚመጣው ለስላሳ ሞገድ አይደለም፣ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ ካላቸው ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ ይህን አልቀበል ብለው በዚያችው ቅጽበት ይዘጋሉ። ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣው ዩፒኤስ ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ የሚይዘው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ሲሆን፣ ይህ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩና ስክሪኑ አንድ ላይ 100 ዋት ቢወስዱ፣ በመቀየሩ ሒደት የሚባክነው ሲቀነስ፣ ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ከሚበቃ ጊዜ ብዙም አያልፍም። ላፕቶፑ ግን ደካማ ባትሪም ይዞ ከዚህ ይሻላል።

ገጣጣሚ፦ መልሱ ባትሪውን ማሳደግ ሳይሆን ፍጆታውን መቀነስ ነው። ስክሪን የሚያሳይ ግራፊክስ በውስጡ ያለው እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ፕሮሰሰር፣ 6 አንጓዎች፣ ማለትም ኮሮች፣ እያሉት ፋብሪካው የሰጠው የሙቀት መጠን 65 ዋት ነው፤ ለብቻው የሚገዛ ግራፊክስ ካርድም አያስፈልገውም። የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት ቤት ደግሞ ኢንቴል በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤን100 አለ፤ 4 አንጓዎች ኖረውት የሙቀት መጠኑ 6 ዋት ብቻ ነው። በዚህ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ከስክሪኑ ጋር 40 ዋት ገደማ ቢወስድ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሶላር ባትሪ የሚይዘው 1,200 ዋት ሰዓት በግማሹ ብቻ እንኳ ቢሠራበት፣ ባትሪው እንዳይጎዳ ማለት ነው፣ 15 ሰዓት ያህል ያገለግላል። የቦንጋ አየርም ያግዛል፤ ከተማዋ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ማራገቢያ ይበቃል፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚያሰጋው ሙቀቱ ሳይሆን እርጥበቱና ጭሱ ነው፤ ምድጃ ባለበት ቤት ማራገቢያው ላይ የሚቀመጠው አቧራ ከጥላሸት ጋር ተጣብቆ በብሩሽ እንኳ በቀላሉ የማይለቅ ይሆናል፤ ስለዚህ የኬዙ ጎን በየጊዜው ተከፍቶ መጠረግ ይገባዋል። ለዚያም ቢሆን በአራት ብሎን የሚከፈተው ኬዝ ከላፕቶፕ ይቀላል።

ሞጋች፦ በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ መሸሽ አለ። ኤን100 ፕሮሰሰሩ በቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ በእነዚያ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ላይ የራሙ ማስገቢያም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ታዲያ ላፕቶፑ የተወገዘበት ምክንያት እዚህ ሲደርስ እንዴት ይቅርታ አገኘ? መስመር ለሌለው ቤት የቀረበው መልስ በእውነቱ ተገጣጣሚ ኮምፒውተር አይደለም።

ገጣጣሚ፦ አይደለም፤ ይህ መታመን አለበት። መስመር በሌለበት ቤት የመገጣጠም ክርክር አቅሙን ያጣል፤ እዚያ የሚወስነው ዋት ነው። መስመር ባለበት ቤት ግን ክርክሩ እንዳለ ይቆማል፤ ምክንያቱም ኤኤም4 የሚባለው የፕሮሰሰር መቀመጫ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ የራይዘን ትውልዶችን ስላስተናገደ፣ ዛሬ በአነስተኛ ፕሮሰሰር የተጀመረ ማሽን ከዓመታት በኋላ ባዮሱ፣ ማለትም ቦርዱን የሚያስነሣው ትንሽ ፕሮግራም፣ ታድሶ ባገለገለ ፕሮሰሰር ሊሻሻል ይችላል። ራሙም ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ከመሆን ባለ 8 ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ከራሙ ስለሚበደር ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፍጥነቱ በግልጽ ይታወቃል፤ አንዱ ቢበላሽም ማሽኑ በሌላው ይነሣል። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን፤ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ የመንገዱን መንገጫገጭ ይችላል።

ሞጋች፦ የውሸት ኤስኤስዲና ፍላሽ በገበያው መኖሩስ? አንድ ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ ገዢው ቦንጋ ሻጩ መርካቶ ነው።

ገጣጣሚ፦ ዕቃው ከሱቁ ሳይወጣ መፈተን ነው፤ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ከፍላሽ እንዲነሣ አድርጎ ይዞ የሄደ ሰው ሻጩ ፊት ማሽኑን አስነሥቶ የዲስኩን የአገልግሎት ሰዓት ያነባል፣ ራሙን በሜምቴስት ይፈትሻል፣ የማከማቻውን እውነተኛ መጠን ጽፎ መልሶ በማንበብ ያረጋግጣል። የሥርዓተ ክወናው ምርጫ ገና ከግዢው ሰዓት ጀምሮ የሚጠቅመው እንዲህ ነው።

ሞጋች፦ እንግዲህ ወደዚያ ይመጣል። ሊኑክስ በፊንላንድ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደተከፋፈለ ይታወቃል፤ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ግን የሚጠየቀው ዊንዶውስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት ፒችትሪ የሚችል ይላል፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የማንኪራ አርሶ አደር ልጁ ሥራ እንዲያገኝ ብሎ የገዛው ማሽን፣ ልጁን ሥራ በሚፈልግበት ፕሮግራም የማያስለምድ ከሆነ፣ ስለ ነጻነት የሚነገረው ሁሉ ለልጁ ምን ይፈይድለታል?

ገጣጣሚ፦ ዊንዶውሱ የሚጫነው በምን መልኩ እንደሆነም አብሮ ይጠየቅ። ፈቃዱ ሳይከፈል ክራክ ተደርጎ የሚጫን ከሆነ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የፈጠራ ሥራ ይጠብቃል፤ ክራኩም ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የተለመደው ነጻ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የምስጢር ቁልፎች መጠበቂያ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን አይቀበልም። ያገለገለ ተብሎ የሚሸጠው ባለ 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ እንግዲህ በአንደኛው ድጋፍ የተቋረጠበት፣ በሌላኛው በር የተዘጋበት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ ሚንት 22 ግን በዚያው አሮጌ ማሽን ላይ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ድጋፉም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ነው። የማሳ ካርታ የሚሠራበት ኪውጂአይኤስም በነጻ ይጫንበታል።

ሞጋች፦ ኪውጂአይኤስ በዊንዶውስም በነጻ ይጫናል፤ ስለዚህ ለአንዱ ወገን ማስረጃ አይሆንም። ስለ ፒችትሪ የቀረበው ጥያቄም አልተመለሰም።

መምህርት፦ ሁለቱም ወገኖች ማሽኑ ላይ ስለሚጻፈው ቋንቋ ገና አላነሡም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የካፋ ቋንቋ ካፊኖኖ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ በቦንጋ አንድ መምህር በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት ፊደል ይጽፋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሰጠው ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ዊንዶውስም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ሊኑክስም የአማርኛ መጻፊያ አለው፤ ኪይማን የሚባለው ነጻ መጻፊያ ደግሞ በሁለቱም ላይ ይሠራል። በዚህ ረገድ የሚበላለጡ አይደሉም። ችግሩ ያለው በአሮጌዎቹ ሰነዶች ላይ ነው፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበረው መንገድ በፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የፈተና ወረቀት ወይም ደብዳቤ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ምልክት የተቀላቀለበት የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ምክንያቱም ፋይሉ ውስጥ የተቀመጡት የላቲን ቁጥሮች ናቸው፣ «ሀ» እና «ለ» መስለው የሚታዩት ፎንቱ ሲኖር ብቻ ነው።

ሞጋች፦ እነሆ፣ ይህ ለዊንዶውስ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ በዚያ የተጻፈ ከሆነ በሊኑክስ እንዴት ሥራ ይሠራል?

መምህርት፦ ማስረጃነቱ ለመለወጥ እንጂ ለመቆየት አይደለም። በዚያ መንገድ የተጻፈ ሰነድ በዊንዶውስ ላይም ቢሆን በአማርኛ ቃል ተፈልጎ አይገኝም፣ ወደ ስልክ ሲላክም አይነበብም፤ ስለዚህ የትኛውም ሥርዓተ ክወና ቢመረጥ ወደ ዩኒኮድ መዛወሩ አይቀርም። የላቀው ነጥብ ያለው በካፊኖኖ ላይ ነው። አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ስለሚደገም የሌላ ቋንቋ ፊደል አራሚ እያንዳንዱን ቃል በቀይ ያሰምርበታል፤ ተማሪም የገዛ ቋንቋው ስሕተት የሆነ ይመስለዋል። ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ የሚጠቀሙበት ሀንስፔል የሚባለው ፊደል አራሚ ግን የቃላት ዝርዝርና የእርባታ ሕግ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተጽፎ ሊሰጠው ይችላል፤ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ የቋንቋው መምህራን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው። የልጅ ቋንቋ በማሽኑ ላይ ሙሉ መብት ማግኘቱ ከፒችትሪ ያነሰ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

ሞጋች፦ የተከበረ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሊብሬኦፊስም ፋየርፎክስም በዊንዶውስ ላይ ይጫናሉ፤ ዝርዝሩ አንዴ ከተሠራ በሁለቱም ያገለግላል። ይልቅ ከዚህ የከበደ ጥያቄ አለ። ሊኑክስ ፕሮግራም የሚያመጣው ከኢንተርኔት ነው፤ በካፋ ገጠር ግን ፕሮግራም የሚዘዋወረው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነው፣ የሞባይል ዳታም በጊጋባይት ይከፈልበታል። የዊንዶውስ ፕሮግራም አንድ ፋይል ሆኖ በፍላሽ ይሄዳል፤ በሊኑክስ ግን አንዱ ፕሮግራም ሌላውን፣ ያም ሦስተኛውን እየጠየቀ ኔትወርክ የሌለውን ሰው መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ገጣጣሚ፦ በዚያው ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስም ይሄዳል፤ ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው የውሸት ምልክት የሚያስቀምጠው፣ ሲነካም ወደ ማሽኑ የሚገባው ማለት ነው። በሊኑክስ ላይ ይህ ቫይረስ ሊነሣ የማይችል ሙት ፋይል ነው፤ የተደበቁት ፎልደሮችም ወዲያው ይታያሉ። ስለ ኢንተርኔቱ ግን የቀረበው ወቀሳ እውነት አለው። መፍትሔው አዲስ አበባ ወይም ጅማ ላይ የሊኑክሱን የፕሮግራም ማከማቻ በሙሉ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ይዞ መምጣት ነው፤ አንድ ሰው አንዴ የደከመበት ለብዙ ቤት ይበቃል። ለፒችትሪም 16 ጊጋባይት ራም የተመከረው አለምክንያት አይደለም፤ ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊንዶውስን በሊኑክስ ውስጥ እንደ አንድ መስኮት ማስነሣት ይቻላል።

ሞጋች፦ ለዚያ ዊንዶውስ ፈቃዱን የሚከፍለው ማነው? ከክፍያ የሸሸ ዝግጅት በመስኮት በኩል ወደዚያው ክፍያ ተመለሰ ማለት ነው።

ገጣጣሚ፦ ሥራ ፈላጊው ለሚለማመድባቸው ወራት አዎን፣ ይከፍላል ወይም በሥልጠና ተቋሙ ማሽን ይለማመዳል፤ የቤተሰቡ መዝገብ ግን በዚያ ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም።

ሞጋች፦ ለመዝገቡ ከታሰበ ዋናው ጥያቄ ይኸውና፦ ማሽኑ አልነሣ ያለ ቀን ማን ይከፍተዋል? ዊንዶውስን የሚያክም በየከተማው ሱቅ አለ፤ የሊኑክሱን የሚያውቀው ግን የገጣጠመው ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ለትምህርት ወይም ለሥራ ርቆ ይሄዳል።

ገጣጣሚ፦ በየሱቁ ያለው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ማሽኑ ይነሣል፣ መረጃው ግን ይጠፋል። የአንድ ቀበሌ ማሳዎች ነጥብ በጂፒኤስ እየተዞረ የተሰበሰበበት ድካም በአንድ ከሰዓት ይደመሰሳል። ሊኑክስ ላይ የተጠቃሚው ፋይል ለብቻው በተከፈለ የዲስክ ክፍል ሲቀመጥ፣ ሥርዓተ ክወናው እንደገና ቢጫን ፋይሉ ሳይነካ ይቆያል።

ሞጋች፦ በዊንዶውስም «ዲ» የሚባለው ክፍል ለዚሁ ነው፣ ሰውም ለምዶታል። የሊኑክሱ ዲስክ ሱቅ ሲሄድ የሚደርስበትን ማሰብ ይበጃል፦ ባለሙያው ዲስኩን ከራሱ ማሽን ጋር ያገናኘዋል፣ ዊንዶውስ የሊኑክስን የፋይል አደረጃጀት ማንበብ ስለማይችል ዲስኩ ካልተፎረማተ አይሠራም የሚል መልእክት ያወጣል፣ ባለሙያውም ባዶ ወይም የተበላሸ መስሎት እሺ ይላል። መረጃውን ያጠፋው እንግዲህ ለመጠበቅ ሲባል የተመረጠው ሥርዓት ራሱ ይሆናል።

ገጣጣሚ፦ ይህ ከቀረቡት ሁሉ የከበደው ተቃውሞ ነው፤ የመረጃው ክፍል ሁለቱም በሚያነቡት በኤንቲኤፍኤስ ተዘጋጅቶ፣ በኬዙ ላይም በአማርኛ «ይህ ዲስክ ባዶ አይደለም» ተብሎ ቢለጠፍ፣ ቅጂውም በሌላ ቤት ባለ ሃርድ ዲስክ ቢቀመጥ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ከክፍሎቹ ዝርዝር ጋር ሁለተኛ ሰው መዘጋጀት አለበት፤ ገጣጥሞ ያየ፣ ራሙን ነቅሎ የመለሰ፣ ሥርዓተ ክወናውን በገዛ እጁ የጫነ ማለት ነው።

ሞጋች፦ ያ ሁለተኛ ሰው እስኪገኝ ድረስ 8ኛ ጄኔሬሽን የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ከነሕጋዊ ዊንዶውሱ ተገዝቶ ሥራው ቢጀመር ምን ይጎድላል? የቡና ለቀማው ወቅት መምህር አይጠብቅም።

መምህርት፦ የሚጎድለው ሁለተኛው ሰው የሚማርበት ማሽን ነው፤ ላፕቶፕ ለማስተማሪያ ተብሎ አይፈታም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ቢገጣጠም ተማሪዎቹ ጊዜ አላቸው፣ ለቀማውም ገና ነው።

ሞጋች፦ ክረምት መብረቅና የመብራት መቆራረጥ የሚበዛበት ወቅት ነው።

ገጣጣሚ፦ ስለዚህም ፓወር ሰፕላዩና ዩፒኤሱ ተስማምተው መሥራታቸው የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው፤ ካልተስማሙም አንዱን ለመለወጥ እስከ ለቀማው ጊዜ አለ።